ካሜራችሁን ይዛችሁ ወደ አብጃታ ውጡ

ፎቶ አንሺዎች፣ የመጪውን ኅዳር አንድ ቅዳሜና እሁድ ለአብጃታ እንስጥ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሠርግ ፎቶ ከዚያ የራቀ መንገድ እንሄድ የለ?

የአብጃታና የሻላ ሐይቆች በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ጎን ለጎን ቢተኙም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ እስከ 266 ሜትር ይጠልቃል። አብጃታ ግን ጥልቀት የለውም፤ በአብዛኛው ከዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ነው ኑሮው። የላይኛው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ሲሳብ፣ ሐይቁ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የስፋቱን ግማሽ ያህል አጣ። ጨዉ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ድሮ እዚያው ጎረቤት ወርደው ዓሣ ለቅመው ይመለሱ ነበር፤ ዛሬ ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ይበርራሉ። ፍላሚንጎ ቀለቡ አልጌ ነውና አሁንም አለ። እኛም እሱን ብቻ አንስተን «ውብ አገር» ብለን እንለጥፋለን። ውብስ ነው፤ ግን ከጀርባው የሸሸው ውሃ አይታይም።

እንግዲህ የሸሸውን ውሃ እናንሳ። በእግር፣ ከፓርኩ ስካውት ጋር። የስካውቱ ክፍያ አይቆጫችሁ፤ የዳርቻው ጭቃ ነጭ ቅርፊት አውጥቶ ደረቅ መሬት ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን እስከ ጉልበት ይውጣል። የቱ ጋ እንደሚያስኬድ የሚያውቀው እሱ ነው።

እያንዳንዱ ቡድን የማይጠፋ ምልክት ይምረጥ፤ ቋጥኝ ቢሆን ይሻላል፣ ግራርማ ይቆረጣል። እዚያ ቆሞ ወደ ውሃው ያንሳ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የሌንሱን ቁጥር ይመዝግብ። በዓመቱ ሌላው ቡድን በዚያው ወር፣ በዚያው ሌንስ ይድገመው። ውሃው ቢሸሽም ቢመለስም ማስረጃው በእጃችን ይሆናል፤ ስለ ሐይቁ የሚወስን ባለሥልጣን ፊት የሚዘረጋውም ይኸው ነው።

ከውሃው ሌላ፣ ለከሰል የተቆረጠውን የግራር ጉቶና የከሰሉን ጆንያም በካሜራችሁ አንሱ። የአክሳዩን ፊት ግን ተዉት፤ ከሰሉን ገዝተን ቡና የምናፈላው እኛው ነን። ለአንድ የበረራ ፎቶ ብሎ አጨብጭቦ ወፍ የሚያስደነግጥም ከእኛ ጋር አይምጣ።

ክበብ ያላችሁ ክበባችሁን፣ የሌላችሁ ጓደኞቻችሁን ዛሬውኑ ጥሩ። ትርፍ ሌንስ ያለው ያውስ፣ መኪና ያለው ወንበር ያካፍል። ካሜራ የሌለው በስልኩ ይምጣ፤ ኅዳር ላይ እንውጣ!