ከፍ ያለ ሁሉ ዋልካ አይሻገርም

«ለእናንተ ለቆላ ሰዎች ጂፕ ነው፤ አውቶሞቢል የአስፋልት ነው።» ሰሊጡን ሸጦ መኪና ሊገዛ ያሰበ የመተማ ባለእርሻ ሁሉ ይህን አባባል ከደላላ አፍ ሳይሰማ አይቀርም። ሰሞኑን እኔም ገንዳ ውኃ ከተማ ላይ ቡና እየጠጣሁ ከአጠገቤ ሲነገር ሰማሁት። ደላላው በስልኩ የሚያሳየው ወንበሯ ቆዳ፣ ጣሪያዋ መስታወት የሆነ ትንሽ ቅንጡ ኤስዩቪ ነው። የገዢው ልብ ያረፈው ግን ፈጣን አውቶሞቢል ላይ ነበር። «ያቺ ሆዷ መሬት ይነካል፤ ይቺ ከፍ ያለች ናት» አለው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ያ ሁሉ የዓመት ልፋት በአንዲት ዓረፍተ ነገር አቅጣጫ ያዘ።

እኔን ያናደደኝ ይቺው «ከፍ ያለች ናት» የምትባል ማባበያ ናት። ስንት ነው ከፍታዋ? አሁን በየከተማችን በሚታየው የኤሌክትሪክ መኪና፣ በፎልክስዋገን አይዲ 4 ሆድና በመሬት መካከል ያለው ክፍተት ከ17 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከተራ አውቶሞቢል የሚበልጠው ሁለት ጣት፣ ቢበዛ ሦስት ጣት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከኮኪት ወይም ከሽንፋ ወደ እርሻው የሚወስደውን መንገድ የረገጠ ሰው የትራክተር ጎማ የቆፈረው ቦይ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ያውቃል፤ ጉልበት ድረስ የሚውጥ አለ። ጉልበት ለሚደርስ ጭቃ ሁለት ጣት ምን ይፈይዳል?

በዚያ ላይ ከፍታው ላይ ላዩን ነው። የመርሴዲሱ ጂኤልሲ የተሠራው ሲ ክላስ በተሠራበት መሠረት ላይ ነው። ቢኤምደብሊው ኤክስ 3ንም ከ3 ሲሪስ አውቶሞቢሉ ጋር ያስተሳሰረው ያው አንድ መሠረት ነው። ማለትም ደላላው «ምረጥ» ብሎ ፊት ለፊት ያቆማቸው ሁለት መኪኖች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አንዷን ከፍ አድርገው፣ ጣሪያዋን አንስተው፣ ፓርፋንጎዋን አወፍረው ሸጧት። ላንድክሩዘርን ላንድክሩዘር ያደረገው ሻንሲው፣ በአራቱም ጎማ መንዳቱ፣ ከጭቃ ቀስ ብሎ የሚያወጣው ከባድ ማርሹ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም የሌላትን መኪና «የገጠር» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ዋልካ እንዴት እንደሚይዝ ልንገራችሁ። መጀመሪያ መኪናው አይሰምጥም። ጭቃው ጎማው ላይ ይጠቀለላል፤ ድንጋይና ገለባ እየጨመረ ይወፍራል፤ ከዚያ ጎማውና ፓርፋንጎው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቃል። የጎማው ጥርስ ተሞልቶ እንደ ሸክላ ለስልሶ ይቀራል። ሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳት መኪና እዚያው ትሽከረከራለች፣ ባትሪዋን ወለሏ ሥር ያነጠፈች ከሁለት ቶን በላይ የምትመዝን መኪና ደግሞ በራሷ ክብደት ትቀመጣለች። ከዚያ ትራክተር ይጠራል። ሰንሰለቱ ግን የት ይታሰር? የፊቱ ፓራውልት ፕላስቲክ ነው። መጎተቻዋ በቡሎን የምትገባ ቀጭን ቀለበት ናት፤ እሷም ለአስፋልት የተሠራች ናት። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚነዳቸው ጎማ መሬት ላይ እየተንከባለለ እንዳይጎተቱ አምራቾቻቸው ራሳቸው ይከለክላሉ። ጎማ ቢፈነዳም ትርፍ ጎማ የሌላቸው ጥቂት አይደሉም፤ የሚሰጡት ማጣበቂያና ትንሽ የአየር መንፊያ ነው። የማሽላ አገዳ ጉቶ የወጋው ጎማ በማጣበቂያ አይድንም።

መንግሥትም ነገሩን አባብሶታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጫነ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምክንያት ይኖረዋል። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ለሚያልፍበት፣ መብራት ለሚጠፋበት ቆላ ግን ማን አሰበ? ጎንደርንና ገንዳ ውኃን አልፎ ገዳሪፍ የሚገባው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በዚሁ በእኛ ሰማይ ላይ ለሱዳን ኤሌክትሪክ እያደረሰ የኖረ ነው። ከሥሩ ያለው ገበሬ መኪናውን የት እንደሚሞላ የሚነግረው የለም። በግብሩና በእገዳው ምርጫው ጠበበና አሻሻጮች ባዶውን ቦታ «ከፍ ያለች» በሚል ቃል ሞሉት።

አስፋልት ላይ ከሆነ፣ አውቶሞቢሏን አልንቃትም። ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ አስፋልት ነው። ከአይከል ወደ ቆላ ሲወረድ በጠመዝማዛው ላይ ዝቅ ያለችው፣ መሬት የያዘችው መኪና ከፍ ካለችው ትሻላለች፤ ፍሬኗም ቶሎ ይይዛል፣ ኩርባውንም ሳትወዛወዝ ትጨርሳለች። ያ ሰውዬ መጀመሪያ የወደዳትን ቢገዛ ጎንደር ደርሶ ለመመለስ አያንሰውም ነበር። እርሻው ድረስ እንደሆነ ሁለቱም አይደርሱም።

የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ባለእርሻው እርሻው ድረስ መድረስ ያለበት መቼ ነው? መስከረም መጨረሻ ሰሊጡ ሲታጨድ መንገዱ ይደርቃል፤ ያኔማ ባጃጅም ይደርሳል። መድረስ ያለበት በአረም ወቅት ነው። ያን ጊዜ ለአረም ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎች፣ በወባ ይንቀጠቀጣሉ፤ በካላዛር የሚያዝም አለ፤ ከእርሻው ካምፕ እስከ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው የትራክተር ተጎታች ብቻ ነው። ዝናብ እየወረደበት፣ ሸራ ለብሶ፣ ተጎታች ላይ ተኝቶ የሚሄድ ልጅ ያረመው ሰሊጥ ነው ያን የቆዳ ወንበር የገዛው። ባለቤቱም ነሐሴን ገንዳ ውኃ ላይ አስፋልት ዳር ቆሞ፣ መኪናውን እያሳጠበ ያሳልፋል። እገታ በበዛበት በጎንደር መተማው መንገድ ላይ ደግሞ የምታብለጨልጭ መኪና ለማን እንደምትታይ ለመተማ ሰው አልነግርም።

ለሦስትና ለአራት ሆኖ አንድ አገር ውስጥ ያገለገለ ሃይሉክስ መግዛት ይቻላል። ሠራተኛ ያጓጉዛል፣ ማዳበሪያ ይጭናል፣ የታመመ ያደርሳል፣ መለዋወጫውም ጎንደር አይጠፋም። ያን ገንዘብ ማዋጣት ያቃተው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ተስማምቶ መያዝ የሚከብደው እንጂ።

ደላላው አሁንም «ለቆላ ትሆናለች» ካለ ሽያጩን ወደ ነሐሴ ያሸጋግረው። ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት ራሱ መሪውን ይያዝና ከኮኪት ተነሥቶ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ገዢውን ጋቢና አስቀምጦ ካምፑ ድረስ ይውሰደው።