ስለ ቤተ ሰብ፤ የስሜን ተራራ እንግዳና የባላገሩ ቤት

አባቶቻችን እንግዳ መቀበልን ከአብርሃም ድንኳን የተማሩት ምግባር ስለ ሆነ፥ መንገደኛ በደጃቸው ሲቆም እግሩን አጥበው፥ ካላቸው አካፍለው ያሳድሩት ነበር እንጂ ዋጋ አይጠይቁትም ነበር። ዛሬ ወዳገራችን ተራራ የሚመጣው እንግዳ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ድካምን በገንዘቡ የሚገዛ፥ ገደሉንና ብርዱን እንደ ደስታ ቈጥሮ የሚፈልግ ነው። ስለዚህ ይህ እንግዳ ለባላገሩ ቤት የሚያመጣውን ጥቅምና ጉዳት ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናሳስብ ወደድን።

ከጐንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የስሜን ተራራ በር ናት። ይህ ምድር በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። እንግዳው ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፥ በግጭና በጨነቅ እየሰፈረ፥ ዋልያውንና ጭላዳውን እያየ፥ ከፍታው ከ4500 ሜትር የሚበልጠውን ራስ ደጀንን ለመውጣት ብዙ ቀን በእግሩ ይሄዳል። ለዚህም መንገድ መሪ፥ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ፥ ወጥ ቤትና በቅሎ ጫኝ ያስፈልጉታል። ገብሱን ውርጭ ለሚመታበት ባላገር ይህ የቀን ዋጋ የልጅ ልብስና የእህል መግዣ ነው።

ነገር ግን ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ አልመጣም። ዋልያው ስላነሰ፥ እርሻውና ግጦሹም ስለ ሰፋ፥ ዩኔስኮ በ1989 ዓ.ም. ስፍራውን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋራ ቈጠረው። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ የግጭ ቤተ ሰቦች አባቶቻቸው የኖሩበትን መንደር ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በ2009 ዓ.ም. ስፍራው ካደጋው መዝገብ ወጣ። እንግዳው በግጭ ሜዳ ላይ የሚያገኘው ጸጥታ እኒያ ቤተ ሰቦች ምድጃቸውን አጥፍተው የከፈሉበት መሆኑን ልንረሳ አይገባንም።

ስለዚህ የእንግዳው ገንዘብ አስቀድሞ ለነዚህና ለተራራው ባላገሮች ይደርስ ዘንድ ፍርድ ያስገድዳል። የበቅሎና የመሪነት ሥራ በዘመድ ሳይሆን በተራ ይሰጥ፤ ዋጋውም ሁሉ በሚያየው ስፍራ ይጻፍ። ለወላጆችም የምንለው አለን። ከመንገድ ዳር ቆሞ ለእንግዳ እጁን የሚዘረጋ ልጅ ሳንቲም ባገኘ ቍጥር ከትምህርት ቤት ይርቃል። ልጅዋን አስተምራ፥ እንግዳውን በቋንቋው የሚያነጋግር መንገድ መሪ እንዲሆን ያደረገች እናት ግን ማንም የማይነቅለውን ርስት አወረሰችው። የሰፋችውን ሙዳይ በተገቢው ዋጋ ትሽጥ፤ ልመና ግን በቤትዋ አይግባ።

ደግሞም በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ኋላም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ውጊያ በተጀመረ ጊዜ፥ የእንግዳ እግር እንደሚቀር አይተናል። እንግዲህ ኑሮውን ሁሉ በእንግዳ ላይ የጣለ ቤት በአንድ ወሬ ይራባል። እርሻ ያለው ሞፈሩን አይጣል፤ እርሻ የሌለው ሌላ ሞያ ይጨምር። ሰላም ሲጸና እንግዳው መምጣቱ አይቀርምና፥ ሹማምንት ደንቡን፥ ወላጆችም ልጆቻቸውን ከወዲሁ እንዲያዘጋጁ በትሕትና እናሳስባለን።