ከአውሮፕላኑ በፊት እግር ነበረ

«የሽርሽርን ቀን በሐዘን ወሬ አታጨልሙ» የሚሉ አሉ። ሙግቴ ከእነርሱ ጋር ነው።

በይሁዳ ምድረ በዳ፣ በሙት ባሕር ዳርቻ፣ ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የተጠጋባት ዓይን ጋዲ አለች። ዛሬ ቤተሰብ ማልዶ ይገባባታል። ልጆች ኮዳቸውን አንግተው የናሐል ዳዊትን ሸለቆ ይወጣሉ፤ የዋልያችን ዘመድ የሆነውን የበረሃ ፍየል ያያሉ፤ ከፏፏቴው ሥር ይንቦጫረቃሉ። ይህን ደስታ ማን ይነቅፋል?

ነገር ግን ከእነዚያ ልጆች መካከል አያቶቻቸው ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው እስከ ሱዳን በእግራቸው የተጓዙ ቤተ እስራኤላውያን አሉ። ያ መንገድ ማታ ወደ ቤት የሚመልስ አልነበረም። ብዙዎች ቀን ተሸሽገው ሌሊት ይጓዙ ነበር። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። እኛ ግን ተረኩን ከአውሮፕላኑ እንጀምራለን፤ «እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 የሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰው አመጣ» ብለን እንዘጋዋለን። አውሮፕላኑ ያነሣው እኮ እግር ያደረሰውን ብቻ ነው!

በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ይደረጋል። መልካም ነው። ሐውልት ግን አይጠማም፤ ልጅ ይጠማል። ቀትር ላይ «ውኃ» ሲላችሁ፣ ያቺ ሰዓት ከመቶ ንግግር ትበልጣለች። አያቱ ይህን ጥም እንደሚያውቁት፣ ወንድማቸውም በጥም እንደ ቀረ ያኔ ይስማ። ዝምታ ልጅን ከሐዘን አያድንም፤ ከወገኑ ይለየዋል እንጂ።

አስቀድማችሁ አጠጡት። ከዚያ ንገሩት።