እራቱ የከበደ ሰፈር

የካ አባዶ የሚነሳው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የታክሲው ሰልፍ ይረዝማል። ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለነው ሃይገርና ሚኒባስ ስንጋፋ እንኖራለን። ቁርሱን ቤቱ በልቶ የወጣ ጥቂት ነው። ሰልፉ ዳር ግን ፓስቲ ይጠበሳል። ከሰሉ ላይ የተጣደው ዘይት ትናንትም የነበረ ነው፤ ሲጎድል ይጨመርበታል፣ አይቀየርም። መልኩ የቡና አተላ መስሏል። ከጎኑ ሻይ አለ፤ ጠጪው ብርጭቆውን ሲመልስ ሥሩ ላይ ያልሟሟ ስኳር ይቀራል።

የምትጠብሰውን ሴት አልወቅሳትም። ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነው፤ እሷ ባትኖር ብዙው ሰው በባዶ ሆዱ ይሳፈር ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ቀኑን እንዲህ የጀመረ ሰው እንዴት እንደሚጨርሰው ነው። ምሳውን እንደ ነገሩ ይቀምሳል፣ ማታ መንገድ ተዘጋግቶበት ቆይቶ ሁለት ሰዓት አልፎ ይገባል፤ ደክሞታል፣ ርቦታል። ትልቁ ማዕድ የሚቀርበው ያኔ ነው። እንጀራው ይደራረባል፣ ወይም ማካሮኒ በዳቦ ይበላል፣ ቤቱ ደህና ከሆነ ለስላሳ ይከፈታል። ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ አልጋ። ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት ሆዳችን ባዶ፣ በምንተኛበት ሰዓት ደግሞ ሙሉ ሆኗል።

ነገሩን ከጤና ጋር ያገናኘሁት በአንዲት ጎረቤታችን ምክንያት ነው። አርባዎቹ ውስጥ ያለች የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ጨጓራ ነው እያለች ስታስታምም ከርማ አልትራሳውንድ ታዘዘላትና ጉበቷ ላይ ስብ ተገኘ። ቡና ላይ ወረቀቱን ዘርግታ፣ «እኔ ጠላ እንኳ አልቀምስ! ጾሙን አንድ ሳላጓድል ነው የምጾመው፤ ሥጋ የማየው በዓል ሲመጣ ነው። ስቡ ከየት መጣ?» አለችን። አንደኛዋ ጎረቤት «የወፍ በሽታ ይሆናል» አለች። ሌላዋ «ተይው፣ እሱ የሀብታም በሽታ ነው» ብላ አጽናናቻት። ሦስተኛዋ ቅጠል ጨምቀው የሚያጠጡ ሰው አድራሻ ልትሰጣት ተነሳች።

ስቡ ከየት መጣ? ብዙዎቻችን የጉበት በሽታን የምናውቀው በመጠጥና በቫይረስ ነው። ጉበት ላይ ስብ ሲባል ደግሞ ጮማና ቅቤ ይታየናል። ግን ጉበት የሰውነት ጎተራ ነው፤ ከሚፈለገው በላይ የገባውን ስኳርና ስታርች ወደ ስብ ለውጦ ያስቀምጣል። የነጭ ዱቄት ዳቦ፣ ፓስታ፣ ማር፣ ለስላሳ፣ ሁሉም በዚያው ያልፋሉ። ከጉበቱ 5 በመቶ በላይ ስብ የያዘ ሰው የሰባ ጉበት አለው ይባላል። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ሲሶ ያህሉ እንዲህ ናቸው። የስኳር ሕመም ካለባቸው ደግሞ ከግማሽ በላይ ይሆናሉ።

የምንበላው ዘይትም ከነገሩ ውጭ አይደለም። ከሸማቾች ማኅበር ተሰልፈን የምናመጣው ፓልም በኅዳር ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ምድጃ አጠገብ አስቀምጠን ነው የምናፈሰው። የሚረጋው ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ዓይነት ስብ ስለሆነ ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት 39 ጤነኛ ወጣቶችን ለሰባት ሳምንት ከወትሮው ምግብ በላይ ትንንሽ ኬክ አበሏቸው፤ ለገሚሱ በፓልም፣ ለገሚሱ በሱፍ ዘይት የተጋገረ። ሁለቱም ወገን የጨመረው ክብደት እኩል ነበር። ጉበት ላይ የተከማቸው ስብ ግን ፓልም የበሉት ላይ በእጅጉ በለጠ። ፓልም የምንገዛው ዋጋው ስለሚቀመስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሱፍ ግዙ ብዬ ለመምከር ኪስ ማየት ያስፈልጋል። መጠኑን መቀነስና የተጠበሰበትን ደጋግሞ አለማሞቅ ግን ወጪ አያስወጣም።

ጾሙንም በግልጽ እንነጋገርበት። እናቶቻችን የጾሙት በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመን፣ በባቄላ ንፍሮ ነው። ከጤፍ እንጀራ ጋር ሲሆን ሐኪም ቢያዝ ከዚህ የተሻለ አያዝም። የዛሬው ጾማችን ግን የተጠበሰ ድንች፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ በማርማላታ ሆኗል፤ ለስላሳም የጾም ነው። ጎረቤታችን ከሥጋና ከወተት በእውነት ተከልክላለች። ከስኳሩና ከጥብሱ ግን ማንም አልከለከላትም፣ ጾም ፈታሽም የሚላት የለም።

ለስላሳን ነጥዬ የማነሳው በክብር ስለምናቀርበው ነው። ልቅሶ ቤት በሳጥን ይገባል፣ ልደት ላይ ሕፃኑ ሳይቀር ጠርሙሱን ታቅፎ ይቀመጣል። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ አንድ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን የቀኑን ጨርሶ ያልፋል። ልጁ ላይስ ምን ያህል ይሆን?

ደግሞ እርስ በርስ እናበረታታለን። ቦርጭ ያወጣ ሰው ስናገኝ «ተመቸህ! አማረብህ!» እንላለን፤ የከሳውን «ምነው፣ አሞህ ነበር?» እንለዋለን። ቦርጩን ያወጣው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አልተመቸውም። መንገድ ላይ ተቀምጦ የሚያረጅ፣ በእግሩ የሚሄድበት ሰዓት የሌለው ሰው ነው። ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ ብሎካችን ደረጃ ባይኖር ኖሮ ጨርሶ ባልተንቀሳቀስን ነበር።

አደገኛነቱ አለማመሙ ነው። ጉበት ለዓመታት ዝም ብሎ ይሸከማል። ከሚሸከሙት የተወሰኑት ላይ ስቡ ወደ ቁጣ፣ ቁጣው ወደ ጠባሳ ይሸጋገራል፤ ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይኮማተራል፣ ካንሰርም ሊያስከትል ይችላል። ሆድ ውኃ ሲቋጥር፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን የመጣ ሰው ዘግይቷል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ቅጠል ስል ግን ያቺ ጎረቤት ልታስጠጣ ያሰበችውን ማለቴ አይደለም። ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ጭማቂ ጉበትን ራሱን ሊመርዝ ይችላል፤ የታመመ ጉበት ላይ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል።

ደግነቱ ይህ በሽታ በጊዜ ከተደረሰበት ወደ ኋላ ይመለሳል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ የጉበቱ ስብ ይቀንሳል፤ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንስ ቁጣውም ይረግባል። አሜሪካ ለዚህ ሕመም የመጀመሪያውን መድኃኒት የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ እሱም ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር እንዲወሰድ ነው። ቡናችንም ለጉበት መልካም እንደሆነ ብዙ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልጨመርንበት።

ጎረቤታችን አሁን ምሳ ዕቃ ይዛ ትወጣለች። ምስር ወይም ሽሮ፣ ጎመንም ሲገኝ። ማታ ስትገባ ርሃቡ እንደ ድሮው ስለማያንገበግባት እራቷ ቀለል ብሏል። ስትመለስ ከታክሲው ቀደም ብላ ወርዳ ትንሽ በእግሯ ትመጣለች፤ የመንገድ መብራት በጠፋበት ቀን ግን ትፈራለች፣ አትወርድም። ይህ የእሷ ድክመት ነው? ስለ ምግቡም ቢሆን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ አውጥቷል። እኛ ሰፈር ስለሱ ሲወራ አልሰማሁም። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ሲመጡ ስለ ክትባት እንደሚነግሩን ስለ ማታው ማዕድም ቢነግሩን እንሰማለን።

በበኩሌ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ሁለት ነገር አነሳለሁ። ልቅሶ ቤት ለስላሳው ቀርቶ ውኃ፣ ቆሎና ንፍሮ እንዲቀርብ፤ ወደ ብሎኮቹ የሚያስገባው መንገድ መብራትም እንዲጠገን ለወረዳው በጋራ እንድንጽፍ። ፊርማ የሚያስፈልግ ከሆነ ከኔ ይጀመር።