ስለ ሰደፍና ስለ ዝምተኛ እምቢተኝነት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ማታ በላስ ቬጋስ ከተማ፣ ከአንድ ሆቴል 32ኛ ፎቅ ላይ የመሸገ ነፍሰ ገዳይ ሙዚቃ ሊሰማ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ በዐሥር ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ከ1,000 በላይ ጥይት ሲያዘንም፣ በጠመንጃዎቹ ላይ ባምፕ ስቶክ የሚባለው ተንሸራታች ሰደፍ ተገጥሞ ነበር። ተኳሹ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ይዞ በሌላው እጁ ጠመንጃውን ወደ ፊት ሲገፋ፣ መሣሪያው በርግጫው ኃይል እየተመላለሰ ቃታውን ከጣቱ ጋር ያጋጨዋልና፣ ተራው ጠመንጃ እንደ መትረየስ ይንጣጣል። በዚያች ሌሊት 58 ንጹሐን ነፍሳት ጠፉ፤ ሁለት ቁስለኞችም ዘግይተው ዐረፉ።

እንዲህ ያለው ደም ሲፈስ ሕግ ማውጣት የሚገባው የአሜሪካ ምክር ቤት ነበር፤ ነገር ግን እርሱ ዝም ቢል፣ የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ መትረየስን የሚመለከተውን የቆየ ሕግ በአዲስ ትርጓሜ አስፍቶ፣ ከማርች 26 ቀን 2019 ጀምሮ ባለ ሰደፎቹ ያለ ካሣ ንብረታቸውን እንዲሰባብሩ ወይም እንዲያስረክቡ አዘዘ። ቢሮው ራሱ በሕዝብ እጅ እስከ 520,000 የሚደርስ እንዳለ ገምቶ ሳለ፣ የተረከበው ግን እጅግ ጥቂት ነበር።

የብሬስ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ብሬስ አካሉ የጎደለ ወታደር ከባዱን ሽጉጥ በአንድ እጁ ይተኩስ ዘንድ የታሰበ፣ በክንድ ላይ በማሰሪያ የሚጠብቅ ደጋፊ ነው። ቢሮው በ2012 የሽጉጡን ዓይነት አይለውጥም ብሎ ፈቀደ፤ በ2015 ትከሻ ላይ ያስደገፈው ሰው ሕግ ተላልፏል አለ፤ በ2017 ይህንኑ ቃሉን አላላ፤ በ2023 ደግሞ አብዛኛው ብሬስ የተገጠመበት ሽጉጥ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያጠረ ጠመንጃ ነውና እስከ ሜይ 31 ይመዝገብ፣ አለዚያ እስከ 10 ዓመት እስራት ያስቀጣል ሲል ደነገገ። በምዝገባ ጊዜ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ግብር እንኳ ለተመዝጋቢዎች ቀርቶላቸው ሳለ፣ የቀረበው ማመልከቻ 255,000 ያህል ብቻ ነበር፤ በቢሮው ዝቅተኛ ግምት ግን ብሬሶቹ 3 ሚሊዮን፣ በምክር ቤቱ የጥናት ክፍል ግምት ከ10 እስከ 40 ሚሊዮን ይደርሱ ነበር። ያልተመዘገበው ሁሉ ዐመፀኛ ነው ማለት አይደለም፤ ብሬሱን ነቅሎ የጣለም፣ በፍርድ ቤት እግድ የተጠበቀም አለና። ቢሆንም ብዙው ሕዝብ ትእዛዙን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ መቀመጡ አይካድም።

እኔ በዚህ ዝምታ እጅግ አዝናለሁ፤ የሚበልጠውን በደል የማኖረው ግን፣ በመራጮቹ ፊት እጁን አውጥቶ ድምፅ መስጠትን ፈርቶ ሥልጣኑን ለጸሐፊዎች በተወው ምክር ቤት ላይ ነው። ትናንት በመንግሥት ደብዳቤ የተፈቀደለት ዜጋ ዛሬ በመንግሥት ደብዳቤ ወንጀለኛ ሲባል፣ ለሕግ ያለው አክብሮት ከሕሊናው ይሟጠጣል። ይሁን እንጂ ቅር የተሰኘ ሰው መንገድ አላጣም፤ የኦስቲኑ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ማይክል ካርጊል ሁለት ባምፕ ስቶኮቹን በአደባባይ አስረክቦ፣ ያንኑ ቀን መንግሥትን በስሙ ከሰሰ። ያሸነፈበት ፍርድ ባያስደስተኝም፣ ሰውየውን አከብረዋለሁ።

በጁን 13 ቀን 2024 በቴክሳስ አንድ የፌዴራል ዳኛ የብሬሱን ደንብ ሻሩ፤ በማግስቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ፣ በባምፕ ስቶክ ቃታው በእያንዳንዱ ተኩስ ስለሚሳብ መሣሪያው መትረየስ አይባልም ሲል ለካርጊል ፈረደ። ከዳኞቹም አንዱ፣ ሳሙኤል አሊቶ፣ ምክር ቤቱ ሕጉን ማሻሻል እንደሚችል ጻፉ። በቀጣዩ ሳምንት በሴኔቱ የቀረበው የእገዳ ረቂቅ በአንድ ሴናተር ተቃውሞ ወደቀ። የምክር ቤቱ አባላት ሆይ፣ ለ60ዎቹ ሟቾች ስትሉ ረቂቁን መልሳችሁ አቅርቡ፤ እያንዳንዳችሁም ድምፃችሁን በስማችሁ ስጡበት።