ሜተድሱን ለጂኤው ስጡት!

አንድ ጓደኛዬ የፖለቲካ ሳይንስ ዲግሪውን እንደያዘ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ጂኤ ሆኖ ተቀጠረ። (ለማታውቁት፦ ጂኤ ማለት ትናንት ተማሪ የነበረ፣ ዛሬ አስተማሪ የሆነ፣ የግቢው ጥበቃ ግን አሁንም "የተማሪ መታወቂያ!" እያለ የሚያስቆመው ፍጡር ነው።) በመጀመሪያው የትምህርት ክፍል ስብሰባ ላይ ኮርስ ሲከፋፈል ነባሮቹ መምህራን የሚወዱትን አነሱ። አንዱ የፖለቲካ ፍልስፍናን፣ አንዱ ፌደራሊዝምን፣ ሌላው የአፍሪካ ቀንድን። ማንም ያልነካት አንዲት ኮርስ ቀረች፤ ሪሰርች ሜተድስ፣ ከነስታቲስቲክሷ። የክፍሉ ኃላፊ ዞር ብለው "አንተ ወጣት ነህ፣ ኮምፒውተርም ትችላለህ አይደል?" አሉት። አለቀ።

ልብ በሉልኝ፤ "ስታቲስቲክስ ትችላለህ ወይ?" ያለው ሰው የለም።

እንዴት እንደሚያስተምር ስጠይቀው ሳቀ። "ከተማሪዎቹ በአንድ ሌሊት እቀድማቸዋለሁ" አለኝ። ሃንድአውቱ እሱ ራሱ ተማሪ ሳለ የተሰጠው ነው፤ ያኔ የሰጠውም ሰው ጂኤ ነበር። ከሃንድአውቱ ጋር በፍላሽ የሚዞር ክራክ የተደረገ ኤስፒኤስኤስ አለ፣ ከነቫይረሱ። ትምህርቱም ይሄን ተጫን፣ ያንን ተጫን ነው። ፒ ቫልዩ ከ0.05 ካነሰ እሰየው፣ ከበለጠ ወዮልህ። "ለምን 0.05 ሆነ፣ 0.06 ምን አደረገ ብሎ አንድ ተማሪ ቢጠይቀኝ፣ ስልክ ተደወለልኝ ብዬ ነው የምወጣው" አለኝ። መልሱ እኮ አያስፈራም። ከ100 ዓመት ገደማ በፊት እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ለሥራ ይመቻል ብሎ ያስለመደው ልማድ ነው እንጂ ከሲና ተራራ የወረደ አይደለም። ይህችን የሚያውቅ ተማሪ ቁጥር ሲመጣበት ይጠይቃል። የማያውቀው ይሰግዳል።

"ታዲያ ምን ችግር አለው፣ አንድ ኮርስ ነው" የምትሉ አትጠፉም። እስቲ እንይ።

አዲስ አበባ በፓርላማ 23 መቀመጫ አላት። በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት 23ቱንም ወሰደ። በ2002ቱ ኢሕአዴግ 22ቱን ወሰደ፣ ለመድረክ አንዷ ቀረች። ከዜሮ ወደ 22፣ በአምስት ዓመት! ያኔ በየካፌው ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። አንዱ "ሕዝቡ ልቡን ቀየረ" ይላል፣ ሌላው "ተሰረቀ" ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ። ሜተድስ በወጉ የተማረ ሰው ግን ገና መጠየቅ መጀመሩ ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ በሚያልፍበት ሥርዓት፣ በየምርጫ ክልሉ 51 ለ49 ያሸነፈ ፓርቲ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። እና መቀመጫው ሲገለበጥ ድምፁ የቱን ያህል ተንቀሳቀሰ? ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ቤቱ ቀረ? ገዢው ፓርቲ በመሀል ስንት አባል መለመለ? የተቃዋሚው መታሰርና መከፋፈልስ ምን ያህሉን ያስረዳል? ፍርሃትስ በምን ይለካል? የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ እንጀራው ይህ መሆን ነበረበት። የጓደኛዬ ተማሪዎች ግን የሚሠሩት ከአሜሪካ መጽሐፍ የተገለበጠ የሪፐብሊካንና የዲሞክራት ሠንጠረዥ ነው።

የቆጠራውም ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ሕዝብ በየ10 ዓመቱ ይቆጠራል፣ የምርጫ ክልሎችም በዚያ ውጤት መሠረት ይወሰናሉ ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፣ ደግሞ... ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ለምርጫ ደርሷል። ታዲያ "ሀገር የሚወክል ናሙና ወሰድን" ሲባል ከየትኛው መዝገብ ላይ ተወሰደ ብሎ የሚጠይቅ መምህር አያስፈልግም?

ነባሮቹ የሚያነሱት ክርክር አለ፤ አልንቀውም። "የእኛ ሀገር ፖለቲካ በቁጥር አይገባም፣ መጠይቅ ይዘህ ብትሄድ ሰው የልቡን አይነግርህም" ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። የማያውቁት ሰው በራቸውን አንኳኩቶ "መንግሥትን ምን ያህል ያምናሉ?" ሲላቸው እናቴ ምን እንደሚመልሱ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህንን ፍርሃት ራሱን የሚያጠና መሣሪያም አለ። አፍሮባሮሜትር የሚባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ገብቶ 2,400 ሰው አነጋግሯል። ከመጠይቁ መጨረሻ ላይ አንዲት ተንኮለኛ ጥያቄ አለች፦ ለመሆኑ ማን የላከን ይመስልዎታል? መንግሥት ላካቸው ብሎ ያሰበው ሰው መልስ ካላሰበው ይለያል? ይህንን ማወዳደር የሚችል ልጅ ዝምታንም ያነባል። "በቁጥር አይገባም" ብሎ የተወው መምህር ግን አያነበውም።

እንግሊዞች የፖለቲካና የሶሲዮሎጂ ተማሪዎቻቸው ከቁጥር ሲሸሹ አይተው እ.ኤ.አ. በ2013 ኪው-ስቴፕ የሚባል ፕሮግራም ጀመሩ። 19.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ 15 ዩኒቨርሲቲ፣ ለዚሁ ተብለው የተቀጠሩ አዳዲስ መምህራን። ፓውንዱ የለንም፣ አውቃለሁ። ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ግን አለ። ቦታው "የሜተድስ መምህር" ተብሎ በስሙ ማስታወቂያ ይውጣበት፤ የሚቀጠረውም በፈተና ይሁን። ተቀጣሪው ማስተማር ከመጀመሩ በፊት አንድ ሴሚስተር ከጎረቤት ስታቲስቲክስ ክፍል ገብቶ ይማር (ሕንፃው እኮ ማዶ ነው!)። በመጀመሪያው ዓመት አራት ኮርስ አይጫንበት። ክራክ የተደረገውን ኤስፒኤስኤስ ጥሎ አር ይጠቀም፤ እሱ በነፃ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክሩት ነባሮችም አልፎ አልፎ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ይበሉ። ብዙዎቹ የሚፈርሙበትን ሠንጠረዥ እንደማያነቡት እኛ ተመራቂዎቹ እናውቃለን።

ይህ ሁሉ ከሆነ ለጂኤው ስጡት፤ ደስ ይለኛል። ወጣት መሆኑ ጥሩ ነው፣ ኮምፒውተር መቻሉም ጥሩ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ኮርሱ እንደ ትርፍራፊ መሰጠቱ ነው።

ጓደኛዬ በዚህ መስከረም ለማስተርስ ሄደ። ገና መግባባት ከመጀመሩ፣ ተማሪዎቹም ገና መጠየቅ ከመጀመራቸው። በእሱ ቦታ አንዲት ልጅ ተቀጥራለች፤ አምና ተማሪው ነበረች። "ምን አስረከብካት?" አልኩት።

"ፍላሹን" አለኝ።