ከባዱ ሌላው ነው

«ለጄምስ ዉድ ጓደኛ የሚሆነው አንድ ጉልበተኛ መቺ ይግዙ እንጂ ሌላው ቀላል ነው!»

ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ አንድ የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን ደጋፊ ወገናችን ይህን ሲል፣ አብረውት የተቀመጡት ሁሉ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቃወመ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የነበረው ክርክር የሚገዛው መቺ ሦስተኛ ይምታ ወይስ አራተኛ የሚል ብቻ ነው። ናፕኪን ላይ ዘጠኝ ስም ተጻፈ፤ ተሰረዘ፤ ተሸጋሸገና እንደገና ተጻፈ። በዚያ ሁሉ ጽሕፈት ውስጥ የአንድ ፒቸር ስም አልሰፈረም።

ያንገበገበኝ «ሌላው ቀላል ነው» መባሉ ነው። ናሽናልስን ከ2019 ወዲህ በየዓመቱ ካሸነፈው ይልቅ የተሸነፈው እንዲበዛ ያደረገው ያው «ሌላው» ነውና!

እ.ኤ.አ. በ2025 ቡድኑ 66 ጨዋታ አሸንፎ በ96 ተሸነፈ። መቺዎቹ በዓመቱ ያስቆጠሩት ነጥብ ከ700 በታች ነው። በዚያ ዓመት የአንድ ቡድን አማካይ 720 ገደማ ስለነበር፣ ይህ ደካማ ቢባል እንጂ የሚያስለቅስ አይደለም። የተቆጠረበትን ግን ተመልከቱ፤ ወደ 900 ይጠጋል። በዚያ ዓመት ከዚህ የባሰ የተቆጠረበት ኮሎራዶ ብቻ ነው። በዱላው በኩል የጎደለን በሠላሳና በአርባ የሚቆጠር ነጥብ ሆኖ ሳለ፣ በፒቸሮቹና ሜዳ ላይ በሚከላከሉት በኩል ከአማካዩ በላይ ከ150 የሚበልጥ ነጥብ ለባላጋራ ሰጥተናል። የዘመኑን ምርጥ መቺ አምጥታችሁ ብታሰልፉት ያንን ጉድጓድ አይሞላውም። ጣራው እያፈሰሰ ሶፋ መግዛት ነው።

መቺ የፈለገውን ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ከዘጠኝ አንዱ ነው። በአንድ ጨዋታ አራት ወይም አምስት ጊዜ ገደማ ተራው ይደርሰዋል፤ ከዚያ ዱላውን አስቀምጦ ይቀመጣል። ፒቸሩ ግን ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ የሚጀመር ነገር የለም። ቤዝቦል እግር ኳስ አይደለም፤ ኮከቡን ፈልገህ ኳስ አታቀብለውም። ይህን የቡና ላይ ተከራካሪዎቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እያወቁ ግን ስም ሲጠራ ልባቸው ይሸፍታል።

የሎስ አንጀለስ ኤንጀልስን ዕጣ እኮ ሁላችንም እያየነው ነው የመጣነው። ማይክ ትራውትና ሾሄ ኦታኒ ከ2018 እስከ 2023 ድረስ ስድስት ዓመት በአንድ ማሊያ ተጫውተዋል። ኦታኒ እዚያው እያለ ሁለት ጊዜ፣ ትራውት በ2019 የሊጉ ኮከብ ተብለዋል። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ቡድኑ ካሸነፈው ይልቅ የተሸነፈው ያልበዛበት አንድም ዓመት አልነበረም። የእኛው አንተኒ ሬንዶን በ245 ሚሊዮን ዶላር ሄዶ ተጨመረላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ58 ጨዋታ በላይ ተሰልፎ አያውቅም።

ኤንጀልስ ሩቅ ነው ከተባለ ሁዋን ሶቶ ይኸውና። «ሶቶን ባንሸጥ ኖሮ» የማይል የዋሽንግተን ደጋፊ አላጋጠመኝም። እኔም ሲሄድ አዝኛለሁ፤ ያ ልጅ ዱላ ይዞ ሲቆም ማየት ደስታ ነበር። ግን በታኅሣሥ 2024 ኒውዮርክ ሜትስ 15 ዓመት፣ 765 ሚሊዮን ዶላር ብሎ አስፈረመው። ሶቶም የተከፈለውን አላሳነሰም፤ በ2025 ዓመት 43 ሆም ረን መታ። ሜትስ ግን በዓመቱ አጋማሽ ላይ የፒቸሮቹ ሰልፍ ፈርሶበት 83 አሸንፎ 79 ተሸነፈ፤ በመጨረሻው ቀን ጨዋታ ፕሌይኦፍ ሳይገባ ቀረ። እንግዲህ ንገሩኝ፦ 43 ሆም ረን የመታ፣ 765 ሚሊዮን የወጣበት ሰው ያልሞላውን ናሽናልስ የሚገዛው መቺ በምን ተአምር ይሞላዋል?

«ዉድን የሚከተል ኃይለኛ መቺ ከሌለ ባላጋራ ይዘለዋል» ይሉኛል። ማስረጃቸው ሰኔ 29 ቀን 2025 የተደረገው ጨዋታ ነው። በዚያ ቀን ኤንጀልስ ዉድን አራት ጊዜ ሆን ብሎ ሳይወረውርለት ወደ አንደኛ ቤዝ ሰደደው፤ ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ በኋላ እንዲህ የተደረገበት ሰው አልነበረም። ታሪኩን ሲያወሩ የጨዋታውን ውጤት ለምን ይዘሉታል? ናሽናልስ አሸንፏል! ዉድ አራት ጊዜ በእግሩ ወደ ቤዝ ሲሄድ ሌሎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህን ትምህርት ሌላ ከተማ ሄደን መፈለግ ሳያስፈልገን መርሳታችን ነው። በ2018 ማብቂያ ላይም እንዲሁ ተለቅሶ ነበር። ብራይስ ሃርፐር ሄደ፤ ፊላደልፊያ 13 ዓመት፣ 330 ሚሊዮን ሰጠው። ከተማው ሐዘን ተቀመጠ። ናሽናልስ ያን ጊዜ ለፓትሪክ ኮርቢን፣ ለፒቸር ማለት ነው፣ 140 ሚሊዮን አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ፊላደልፊያ 81 አሸንፎ 81 ተሸነፈ፤ ዋሽንግተን ዋንጫ በላ።

የዚያን የዋንጫ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ፣ የጥቅምት 30 ቀን 2019ኙን፣ አስታውሱት እስቲ። ማክስ ሸርዘር ከጥቂት ቀናት በፊት አንገቱ ተይዞ ክንዱን ማንሳት አቅቶት ነበር። ሂዩስተን ላይ ወጥቶ አምስት ኢኒንግ ሙሉ እየተንገዳገደ፣ ሰው በሰው ላይ ቤዝ እየሞላበት፣ ሁለት ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ወረደ። ከዚያ ኮርቢን ገባ፤ ሦስት ኢኒንግ፣ ዜሮ ነጥብ። ባላጋራውን በሁለት ነጥብ ላይ አሥረው ያቆዩት እነሱ ናቸው፤ ሬንዶንና ሃዊ ኬንድሪክ በሰባተኛው ኢኒንግ ሆም ረን ሲመቱ ጨዋታው ገና ከእጃችን ያልወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ያቺን የቀኙን ምሰሶ የመታች ኳስ የላካት ኬንድሪክ ደግሞ 36 ዓመቱ ነበር፤ ማንም ናፕኪን ላይ ስሙን ጽፎ አልተመኘውም። የውድድሩ ኮከብ የተባለውም ፒቸሩ ስቲቨን ስትራስበርግ ነው።

አውቃለሁ፣ ኮርቢን ኋላ ላይ ወርዷል። ስትራስበርግም ከዋንጫው በኋላ 245 ሚሊዮን ፈርሞ ስምንት ጊዜ ብቻ ወርውሮ ክንዱ አልቋል። ይህን የሚጠቅሱልኝ ፒቸር መግዛት ኪሳራ ነው ለማለት ነው። ለእኔ የሚነግረኝ ሌላ ነው፦ ፒቸር ይሰበራልና ብዙ ያስፈልጋል። አምስት ቢፈለግ ስምንት አድርጎ ማሳደግ፣ ከሌላው የተጣለውን አንስቶ ማረም፣ ቡልፔኑን ከሥር መሥራት። በ2025 ከቦስተን የመጣው አዲሱ አለቃ ፖል ቶቦኒ እዚህ ላይ ቢያተኩር የምናውቀው ስም ላናይ እንችላለን። ያኔ «ይሄ ደግሞ ማነው?» እያሉ ባለቤቶቹ ላይ መጮህ ነውር ነው። የባለቤት ቤተሰብ ጩኸት ሲሰማ ትኬት የሚሸጥ ስም ይገዛና ይገላገላል፤ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ግን የምንፋጠጠው ከዚያው ቡልፔን ጋር ነው።

መከራከር ካማራችሁ ሲጄ አብራምስ ከሾርትስቶፕ ይነሳ አይነሳ ብላችሁ ተከራከሩ። ልጁ ፈጣን ነው፣ ይመታል፣ እወደዋለሁም፤ ግን ወደ እሱ የሚሄደውን ኳስ በስንፍና ይሁን በአቋቋሙ ስህተት ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል፤ ፒቸሩም ሦስት ሰው ማስወጣት ሲበቃው አራተኛ ለማስወጣት ይገደዳል። ወደ ሁለተኛ ቤዝ ቢዛወር ማን ይተካዋል? ከሥር የሚያድጉት ልጆች መቼ ይደርሳሉ? ዉድስ በ2025 ዓመት 221 ጊዜ ስትራይክ አውት የሆነው ለምንድን ነው፣ ማንስ ያርመዋል? ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ እኔም ቡናው እስኪዘጋ ቁጭ ብዬ አመሻለሁ።